ማን ማንን ተከተለ

ካናዳ ሄጄ ከሁሉ የገረመኝ ብርዱ አይደለም። ብርድ ደሴ ያደረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የገረመኝ፣ እዚያ አገር ቀን የማያልፍበት ነገር አለመኖሩ ነው። ወተቱ የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። ዳቦው ተጽፎበታል። መድኃኒቱስ ይሁን፤ ሕፃን መኪና ውስጥ የሚታሰርበት ወንበር እንኳ፣ ያ ሁሉ ብረትና ፕላስቲክ፣ ቀኑ አለፈ ተብሎ ሲጣል በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ባደግኩበት ዱብቲ ቅቤ መበላሸቱን የሚነግራችሁ አፍንጫችሁ ነበር፤ ወንበር መበላሸቱን የምታውቁት ደግሞ ስትወድቁ ነው። ይሁን፣ አገሩ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሰው ላይም ቀን ይጻፋል ብዬ ግን አልጠረጠርኩም። ለካ ይጻፋል። ባለቤቴ ላይ ተጽፎበት ኖሮ፣ አዋሽ ቁጭ እንዳልን ቀኑ አለፈበት።

ባለቤቴ ሰይድ ይባላል። ስሙን እንዲህ አውጥቼ ስጽፈው የምትደነግጡ የወሎ ሰዎች አትጠፉም። አትደንግጡ፣ እንግዳ ፊት «አንቱ» ነው የምለው። እንግዳው ጫማውን አድርጎ ሲወጣ ግን የሆዴን እነግረዋለሁ፣ እሱም ጆሮውን እንደማይሰማ አድርጎ ይቀመጣል፤ እንዲህ ተስማምተን ኖረናል። የባሏን ክብር ሰው ፊት የምታወርድ ሴት፣ እውነት ብትናገር እንኳ፣ እኛ ዘንድ ስም የላትም። ይህችን ያዙልኝ፤ ጉዱን ያመጣችብን እሷ ናት።

ሰይድ ዕድሜውን የጨረሰው ተሳቢ እየነዳ ነው። መጀመሪያ አሰብ፣ አሰብ ሲዘጋ ደግሞ በገላፊ በኩል ጅቡቲ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት አዋሽ ሰባት ኪሎ ቁጭ ብዬ እሱን ስጠብቅ ነው። የሹፌር ሚስት ሆኖ ለማያውቅ ሰው መጠበቅ ሥራ አይመስለውም። እኛ የዚያን ዘመን የአዋሽ ሴቶች መኪና በጡሩምባው እንለይ ነበር። የእኔው ሰፈሩን ሲቃረብ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር ያደርጋል፤ ያኔ ውሃ እጥዳለሁ፤ ከበረሃ የመጣ ሰው ከመብላቱ በፊት መታጠብ ነው የሚፈልገው። ባቡሩም ነበር። ከድሬዳዋ ብርቱካኑን፣ ከጅቡቲ ጨርቁን ይዞ ሲገባ ከተማው ሁሉ፣ የሚገዛም የማይገዛም፣ ወደ ጣቢያ ይወጣል። አዲሱ ባቡር ከከተማው ራቅ ብሎ ያልፋል፤ ንጹሕ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሰላም ግን አይልም። እንዲያ ነበር ኑሯችን። መሄድ የእሱ ድርሻ፣ «በሰላም ይመልስህ» ማለት የእኔ።

ካረጀን በኋላ ልጃችን ሉባባ ኤድመንተን ወሰደችን። እዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሌ ሁልጊዜ ቤት የሚያድር ሰው ሆነ። መስኮት ላይ ቆሞ በአውራ ጎዳናው የሚያልፉትን ተሳቢዎች ጭነት ሲመረምር ይውላል። «የዚህኛው ወደ ግራ አጋድሏል» ይለኛል። ሹፌሩ አይሰማው ነገር። ጊዜው ሲደርስ እኔ ዜግነቱን ወሰድኩ። ለሽማግሌ ፈተና የለውም፤ እንደኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረችም ታልፋለች። ሰይድ ግን «የያዝኩት ይበቃኛል» ብሎ በኢትዮጵያ ፓስፖርቱና በነዋሪነት ካርዱ ቀረ። ካርዷ የመንጃ ፈቃድ ታክላለች። ከኪሱ አትለይም ነበር፤ ምን እንደተጻፈባት ግን ማን አይቶ።

ከዚያ ታላቅ እህቴ ፋጤ ዱብቲ ላይ ታመመች። ግማሽ አካሏ አልታዘዝ አላት። እናታችን በልጅነታችን ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሻንጣዬን ዘግቼ መጣሁ። ሰይድ ከልጁ ጋር ኤድመንተን ቀረ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ማንም ሳይጠራው አዋሽ ከተፍ አለ። ለምን መጣህ አላልኩትም፤ እሱም አልነገረኝም። ፋጤን ወደ ቤታችን አመጣናት። እኔ አጥባታለሁ፣ አበላታለሁ፤ እሱ በተሽከርካሪ ወንበሯ አዋሽን ያዞራታል፣ የመንገድ ወሬ እያወራ ያስቃታል። በግማሽ አፏ ስትስቅ ያየ ሰው ያለቅሳል፤ እኛ ግን ለምደነው አብረን እንስቅ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመታት አለፉ። አምና አላህ ወሰዳት።

ከለቅሶው ቀና ስንል ሉባባ አርግዛለች። ካገባች ጀምሮ ስንት ዱዓ ያስደረግንላት ልጅ ናት። ሰው አገር ስትወልድ ገንፎ የሚያገነፋላት፣ ወገቧን የሚያስራት የለም። እንሂድላት ብለን ተነሣን። ተነሥተን ነው የካርዱን ነገር ያየነው።

«እማ፣ አንቺ በፓስፖርትሽ ትገቢያለሽ» አለችኝ ሉባባ በስልክ። «አባን ግን በዚያ ካርድ አውሮፕላን አያሳፍሩትም።»

«ለምን? ፊቱ እኮ ያው ነው።»

«ቀኑ ነው ያለፈው እንጂ ፊቱ አይደለም።»

«የፊቱስ ቀን መች ቀረ» አልኳት።

አልሳቀችም። አስረዳችኝ፤ እኔም እንደገባኝ ላስረዳችሁ። ካርዱ ያለፈበት ሰው ለአንድ ጊዜ መግቢያ የምትሆን ወረቀት ናይሮቢ ካለው የካናዳ ቪዛ ቢሮ ይጠይቃል። ያችን ለማግኘት ከካናዳ ውጪ የቆየበትን ዘመን ማስረዳት አለበት። ዜጋ የሆነች ሚስቱን ተከትሎ ከሆነ የቆየው፣ ካናዳ እንደኖረ ይቆጠርለታል። ሚስቱ እሱን ተከትላ ከሆነ ግን አይቆጠርለትም። ነዋሪነቱም ሊቀር ይችላል።

ስንት መንግሥት አይቻለሁ። ግብር የጠየቀኝ አለ፣ ስብሰባ የጠራኝ አለ። ከባልሽና ከአንቺ ማን ማንን ተከተለ ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

«አባ» አለችው ሉባባ፣ «ሲደውሉልህ ‹ሚስቴን ተከትዬ ነው የመጣሁት› በል። እውነትም እሱ ነው። ሌላ አትጨምር።»

«እሺ» አለ ሰይድ። የሰይድን እሺ የማያውቅ ነው የሚደሰትበት።

ስልኩ የተደወለው በማይሆን ሰዓት ነው። ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ ሰይድ ከድሮ ሹፌር ጓደኞቹ ጋር ፍራሹ ላይ ተደግፎ፣ ጫቱ ተዘርግቶ፣ ጨዋታው ሞቆ። ጆሮውን የሞተር ድምፅ ስለበላው ስልኩን ለመንደር በሚሰማ አድርጎ ነው የሚያነጋግረው። ስለዚህ የቪዛ ቢሮዋንም ሴት፣ የአስተርጓሚዋንም ድምፅ ጓደኞቹ ሁሉ ሰሙ። እኔም ከጓዳ ሰማሁ። መጀመሪያ ስሙን ጠየቁት፣ ዕድሜውን ጠየቁት፣ ደህና መለሰ። ከዚያ መጣ።

«አባት፣ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሱት ባለቤትዎን ተከትለው ነው፣ ወይስ ባለቤትዎ ናቸው እርስዎን የተከተሉት?»

ይመር የሚባለው፣ ከጓደኞቹ ሁሉ ምላሱ የማያርፈው፣ የያዛትን ቅጠል አፉ አጠገብ አቆማት።

ሰይድ ይመርን አየ። «እኔ ነኝ ያመጣኋት» አለ። «ሴት ናት እንጂ የምትከተል።»

«ማሻአላህ» አለ ይመር፣ ቅጠሏንም ጎረሳት።

ቀጥሎ እኔን ፈለጉ። ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁና ስልኩን ተቀበልኩ። «እናት፣ እውነት ነው? እሳቸው ናቸው ያመጡዎት?» አለች አስተርጓሚዋ። ፍራሹ ላይ ያሉት ሁሉ ዓይናቸውን ጣሉብኝ። ሰይድ የምንጣፉን አበባ ያያል። ዕድሜዬን ሙሉ እንግዳ ፊት ያላደረግኩትን፣ ፊቷን ለማላውቃት ሴት ብዬ አሁን ልጀምረው?

«እሳቸው ያሉት ነው» አልኩ።

እንግዲህ ፍረዱ። ሁለት ሽማግሌዎች በገዛ አፋቸው፣ ያውም በታላቅ ጨዋነት፣ ራሳቸውን አፋቱ።

ሴትዮዋ አልቆረጠችም። የእህቴን የሕክምና ወረቀት እንድንልክ፣ ከመወሰኗም በፊት አንድ ጊዜ ደግማ እንደምትደውል ነገረችን። ሉባባ ግን የሆነውን ስትሰማ አለቀሰች። «አባ ያለው ከጸና፣ እማ፣ ብቻሽን ነው የምትመጪው።»

እንግዶቹ ወጡ። ለሰይድ ያዘጋጀሁት ቃል ነበረኝ፤ ብትሰሙት ለብዙ ቀን ጆሯችሁ ውስጥ ይጮህ ነበር። እሱ ግን ቀደመኝ። «አንቺ ሂጂ» አለኝ። «ልጅቷ ብቻዋን ናት። እኔ እዚህ ሆኜ እጠብቅሻለሁ።»

ቃሌን ዋጥኩት። «እጠብቅሻለሁ» የሚል ነገር ከዚህ ሰው አፍ ወጥቶ አያውቅም። የመጠበቅን ነገር እሱ ምን ያውቃል? ቀኑ የት ላይ እንደሚረዝም፣ የማን ወሬ እንደሚያስደነግጥ፣ ምግብ ለአንድ ሰው ሲሠራ እንዴት እንደሚያስጠላ መች አየው? መንገድ ላይ ያረጀ ሰው ነው፤ ለዚህ ሥራ አልሠለጠነም። እኔም ብሆን መሄድ አልሠለጠንኩም። እንደ ወጣት ሙሽሮች ልንለያይ ነው እንዴ፣ በዚህ ጉልበት?

የፋጤን ወረቀት ልናወጣ ወደ ዱብቲ ወረድን። ሚኒባሱ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን አስቀመጡትና መንገዱን ሁሉ እግሩ የሌለ ፍሬን ሲረግጥ ሄደ። ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎግያ፤ እያንዳንዱ ድንጋይ የሚያውቀው ነው። እዚህ ጎማ ፈንድቶበታል፣ እዚያ ጎርፍ አግቶት ተሳቢው ሥር ተኝቷል፣ ወዲያ ማዶ ጅብ ጫማውን ወስዶበታል። ስጠብቀው የት የት እንደነበር የነገረኝ ገና ያን ጊዜ ነው። ሰመራ ደረስን። ያኔ ሰመራ የሚባል ከተማ አልነበረም፤ ጥቁር ድንጋይና ንፋስ ነበር። አሁን ቢሮው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ባጃጁ መፈናፈኛ የለውም። አንድ ትልቅ ፎቅ አየና፣ «እዚህ ጋ ነበር ሸሚዜን አጥቤ የማሰጣው» አለኝ። ፎቁን በጣም ነው የታዘበው።

ዱብቲ ሐኪም ቤት ወረቀቱን ሳያንገላቱን ሰጡን። እኔ ግን ወዲያው መውጣት አቃተኝ። ከፋጤ ጋር ጥጥ የለቀምንበትን መስክ ዳር ዳሩን ሄድኩ። ጠዋት ጠዋት ጥጡ ጤዛ ሲይዝ ሚዛን ላይ ይከብዳል ብላ ገና ሳይነጋ የምትቀሰቅሰኝ ፋጤ ነበረች። አባታችን ከወሎ ይዞን ሲወርድ ለአንድ ለቀማ ብሎን ነበር። ለአንድ ለቀማ የመጣ ሰው ነው ዕድሜውን እዚህ የሚጨርሰው።

ወረቀቱን ሰመራ ከአንድ ኮምፒውተር ቤት አስላክንና ሑመድ ቤት ገባን። ሑመድ አፋር ነው፣ የሰይድ የድሮ ወዳጅ። ሰይድ ወጣት ሳለ መኪናው ሎግያ አጠገብ ተበላሽቶ በውሃ ጥም ሲንቃቃ፣ በአቁማዳ ወተት ይዞለት የመጣ ሰው ነው። አሁን ግመሎቹን ዘመዶቹ ይጠብቁለታል፤ እሱ ሰመራ በልጁ ግቢ ዳስ ሥር ይቀመጣል፣ ከተማውንም አያምነውም።

አፋር አገር ያልኖራችሁ ዳጉን ላታውቁ ትችላላችሁ። ሁለት ሰዎች ሲገናኙ እጅ ለእጅ ይሳሳሙና ቁጭ ይላሉ፤ የመጣው ሰው ከየት እንደተነሣ፣ ምን እንዳየ፣ ምን እንደሰማ ከሥር ከመሠረቱ ይናገራል። ዝናብ፣ ሣር፣ ሰላም፣ ልደት፣ ሞት። አድማጩ አያቋርጥም፤ «እህ» ብቻ ይላል። ይኸው ወሬ በማግስቱ ሌላ ሰው ጆሮ ይገባል፣ በሰው ይሄዳል፣ የጠፋ ከብት የሚገኝበት እሱ ነው። ስለዚህ ዳጉ ላይ የዋሸ ሰው ዳግመኛ ማንም ቁጭ ብሎ አይሰማውም። ሰይድ ይህን ሕግ ከእኔ ጋር ካሰረው ኒካህ ባልተናነሰ ያከብረዋል።

እኔ ከሑመድ ሚስት ጋር ፈንጠር ብዬ ተቀምጫለሁ። አፋርኛውን ከልጅነቴ ስለማውቀው አንድም አላመለጠኝም። ሰይድ ከኤድመንተን በረዶ ጀመረ። ሑመድ «እህ» አለ። የእህቴን መታመም ተናገረ። «እህ።» ከዚያ «ሚስቴ መጣች። እኔም ተከትያት መጣሁ» አለ።

«እህ» አለ ሑመድ፣ እንደ ሌላው ሁሉ።

ሰይድ ቀጠለ፣ የካርዱን ነገር ተናገረ፣ ለቪዛ ቢሮዋ ሴት ያለውንም ተናገረ። ሑመድ ያን ጊዜ ቀና አለ። ዳጉው አልቋልና ሊጠይቅ ይችላል።

«ለምን ዋሸሃት?»

«ይመር ነበራ። ሰው ሁሉ ነበር። ሴት ተከተለ ይሉኛል።»

ሑመድ ጥርሱን በመፋቂያው እየፋቀ አሰበ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንስት ግመል ስከተል ነው የኖርኩት» አለ። «ሣር ወዳለበት ትሄዳለች፣ እኔ ከኋላ። ማንም አልሳቀብኝም። ሚስትህ ከግመል ታንሳለች?»

ሰይድ ወደ እኔ ገልመጥ አለ። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግመል ጋር ተመዝኜ ሳልቆጣ ቀረሁ። ለነገሩ የሑመድን ግመሎች የሚያውቅ ሰው ምስጋና መሆኑ ይገባዋል።

ሑመድ በማግስቱም አለቀቀንም፣ በሳልስቱም። ሳምንት አልሞላም፣ እዚያው ዳስ ሥር ሳለን ስልኩ ጮኸ። ያችው ሴት፣ ያችው አስተርጓሚ። «አባት፣ አንድ ነገር ብቻ ልናጣራ ነው። ወደ ኢትዮጵያ እንዴት እንደመጡ በራስዎ ቃል ይንገሩን።»

በራስዎ ቃል ባትለው ይሻል ነበር። ሰይድ ተደላድሎ ተቀመጠ፣ ስልኩን ሑመድና እሱ መካከል አኖረና ከሥር ጀመረ። የፋጤን መታመም፣ የእኔን አነሣስ፣ ጠዋት ኤርፖርት ሲሸኘኝ የነበረውን ጭጋግ። አስተርጓሚዋ ልትገባ ሞከረች። «ታገሺ ልጄ» አላት፣ «ገና አልደረስኩም።» ሑመድ «እህ» አለ።

«ከሸኘኋት በኋላ ቤት ገባሁ» አለ ሰይድ። «ልጄ ወደ ሥራዋ ሄዳለች። መስኮቱ ላይ ቆምኩ። አንድ ተሳቢ አለፈ፣ ጭነቱ አጋድሏል። ‹አጋድሏል› አልኩ። ማንም ‹ምን አገባህ› አላለኝም። በማግስቱም ማንም አላለኝም። እኔ በረሃ ላይ ብቻዬን ያደርኩ ሰው ነኝ፣ ብቸኝነት አልፈራም። ግን ያኔ ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ነበር። ልጄን ትኬት ቁረጪልኝ አልኳት። ሚስቴን ተከትዬ መጣሁ። ያመጣችኝ እሷ ናት። ያን ዕለት ሌላ ያልኩት ሰው ስለነበረ ነው።»

እኔ ነጠላዬን ዓይኔ ላይ አደረግኩ፣ የሰመራ አቧራ መጥፎ ነው። ለምን መጣህ ብዬ ሳልጠይቀው ስንት ዓመት አለፈ።

«አመሰግናለሁ አባት» አለች አስተርጓሚዋ፣ ድምፅዋ ለስለስ ብሎ። «ጨርሰናል።»

«ምኑን ጨረስን?» አለ ሰይድ። «የእናንተን አልነገራችሁኝም። እናንተ ዘንድ ምን አለ?»

ወዲያ ማዶ ተንሾካሾኩ። «ዝናብ እየዘነበ ነው ትላለች» አለች አስተርጓሚዋ።

ሰይድ ለሑመድ ተረጎመለት። «የት?» አለ ሑመድ ቀልጠፍ ብሎ። «ናይሮቢ።» ሑመድ ተመልሶ ተደገፈ። «ሩቅ ነው» አለ። «ጥሩ ወሬ ነው ግን።»

ወረቀቷ መጣች፣ ለአንድ መግቢያ ብቻ። ከእሷ በፊት ግን አዋሽ የገባው ወሬው ነው። ከሑመድ ግቢ ወጥቶ፣ በጨው ጫኝ ሹፌሮች አፍ አድርጎ፣ እኛን ቀድሞ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ጠበቀን።

«ሰይዶ» አለ ይመር ገና ከበሩ፣ «ለካ ተከትለሃት ነው የመጣኸው።»

«አዎ» አለ ሰይድ። «አሁንም ልከተላት ነው።»

ሳቁ። እኔ ከጓዳ ምላሴን አዘጋጀሁ። ይመር ግን እንደ ልማዱ አልቀጠለም። የእሱ ባለቤት ከሞተች ቆይታለች። ቅጠሉን እያገላበጠ፣ «የእኔዋ ብትኖር እኔም እከተል ነበር» አለ፤ ማንም አልሳቀም።

ቦሌ ደረስን። በመንገድ ስንሄድ ምንጊዜም እሱ ከፊት ነው፣ እኔ ከኋላ፤ ገበያም፣ ሐኪም ቤትም፣ ለቅሶም። የአየር መንገድ ሠራተኛዋ ግን ሁለቱን ፓስፖርቶች አየችና «እርስዎ ይቅደሙ፣ እሳቸው በእርስዎ ነው የሚያልፉት» አለችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደረቴን ነፋሁ። ቀደምኩ። ጥቂት ሄጄ ዞርኩ፤ አለ። ጥቂት ሄጄ ዞርኩ፤ ቀበቶውን እየፈታ ነው። እንደገና ዞርኩ፤ ጠፋ፤ ለካ አንድ ሰውዬ ከልሎት ነው። ከኋላ ሆኜ ስሄድ ይህን ሰው አንድ ቀን አጥቼው አላውቅም። ትከሻው ሲጎብጥ፣ እርምጃው ሲያጥር፣ ሁሉንም ከጀርባው አንብቤዋለሁ። ከፊት ግን ምንም አይታይም። እነዚህ ወንዶች ያን ሁሉ ዘመን እንዴት ነው ከኋላ አለች ብለው ዝም ብለው የሄዱት? ዞሮ ማየት አማራቸው ይሆን፣ ከልክሏቸው ይሆን ክብራቸው?

ካናዳ ስንገባም በሩ ላይ ያለው ሰው እኔን አስቀደመ፣ ወረቀቷን አየ፣ «ግቡ» አለን። ሉባባ ሆዷን ይዛ ቆማለች፣ ገና አልወለደችም፣ አልሐምዱሊላህ። አባቷን አቅፋ አልለቀው አለች። ከዚያ እኔን ስታቅፈኝ አንገቴ አልታዘዝ ሲለኝ አየች።

«እማ፣ አንገትሽን ምን ነካሽ?»

«አባትሽን ሳመጣው ነው» አልኳት።